ድራፍት ስንል ቢራ አይደለም፦ የቤዝቦል የምርጫ ተራና የካሳ ሒሳብ

ጅማ ላይ ድራፍት ብሎ ላዘዘ ሰው የሚመጣለት ባለ አረፋ ብርጭቆ ነው። የዛሬው ድራፍት ሌላ ነው፤ የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ 30 ክለቦች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት። ማን ቀድሞ ይመርጣል? ኮከቡን ያጣ ክለብ በምን ይካሳል? የወሰደውስ ምን ይቀማል? ብዙ ሰው የደረጃ ሠንጠረዡን ከታች ወደ ላይ አንብቦ «ይኸው ተራው» ይላል። አይደለም። ሠንጠረዡ የሒሳቡ አንድ ገጽ ነው፤ የቀሩት ገጾች ያሉት በክለቦቹ የደመወዝ መዝገብ ውስጥ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

እኛ የለመድነው ኳስ የተሸነፈን ይጥላል። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን አነሳ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወረደ። የአሜሪካ ቤዝቦል ውስጥ መውረድ የሚባል ነገር የለም። መጨረሻ የወጣ ክለብ በዓመቱ እዚያው ሊግ ውስጥ ነው፤ ይባስ ብሎ ጥሩ ልጅ ቀድሞ ይመርጣል። ድራፍቱ በ1965 ሲጀመር ዓላማው ባለጸጎቹ ክለቦች ጎበዝ ጎበዙን ልጅ በገንዘብ ጠራርገው እንዳይወስዱ ነበር። ያን ዓመት አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ሪክ መንዴይ ነው፤ የመረጠው የካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ። የተመረጠ ልጅ መደራደር የሚችለው ከመረጠው ክለብ ጋር ብቻ ነው።

ተራ ማለት ደግሞ ገንዘብ ማለት ነው። ድራፍቱ ከ2021 ወዲህ 20 ዙር አለው። በመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች ለእያንዳንዱ ምርጫ የፊርማ ገንዘብ ተመን ወጥቶለታል፤ የ2025 አንደኛ ምርጫ ተመን 11,075,900 ዶላር ነበር። ክለቡ በእጁ ያሉት ምርጫዎች ተመን ተደምሮ ቋቱ ይሆናል። ከ11ኛው ዙር ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ልጅ ከ150,000 ዶላር በላይ የተከፈለ እንደሆነ ትርፉ ከዚሁ ቋት ይቀነሳል። ቋቱን እስከ 5 በመቶ ያለፈ ክለብ ባለፈው ገንዘብ ላይ 75 በመቶ ግብር ይከፍላል። ከ5 በመቶ ከዘለለ ግን ግብሩ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውንም ያጣል። ግብሩን እየከፈሉ እስከ አፋፉ የሚሄዱ ክለቦች ሞልተዋል፤ አፋፉን የተሻገረ ግን እስካሁን የለም።

ስለዚህ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ልጅ ተመኑን ሙሉ ይወስዳል ብላችሁ አትጠብቁ። በ2025 ዋሽንግተን ናሽናልስ ኢላይ ዊሊትስን አንደኛ መርጦ በ8.2 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። የተረፈው ከ2.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ከዚያ በኋላ ለተመረጡ፣ ከተመናቸው በላይ ለሚጠይቁ ልጆች ነው የሚሄደው። ቀድሞ መምረጥ ጥቅሙ ድርብ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ልጁን ታገኛለህ፣ ሌሎቹን የምትገዛበትም ገንዘብ ይሰፋልሃል።

ይኼ ሥርዓት የሚያቃጥለው ልጁ ሳይፈርም ሲቀር ነው። ያልፈረመ ልጅ ተመን ከቋቱ ውስጥ ተነሥቶ ይጠፋል። በ2014 ሂውስተን አስትሮስ ብሬዲ ኤከንን አንደኛ አድርጎ መረጠ፤ ከሕክምና ምርመራው በኋላ በክርኑ ጅማት ላይ ሥጋት አድሮበት ያቀረበውን ገንዘብ ዝቅ አደረገ፤ ልጁም ሳይፈርም ቀነ ገደቡ አለፈ። የኤከን ተመን ከቋቱ ሲነሣ፣ አስቀድሞ በቃል ተስማምቶ የነበረው ሌላው ወጣት ጄኮብ ኒክስም የሚከፈለው ጠፍቶ ያለ ውል ቀረ። አስትሮስ ግን ባዶ እጁን አልቀረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የተመረጠ ልጅ ካልፈረመ ክለቡ በዓመቱ በአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ሌላ ምርጫ ያገኛል፤ አንደኛ የነበረው ሁለተኛ ይሆናል። በዚያ የ2015 ሁለተኛ ምርጫ የተወሰደው አሌክስ ብሬግማን ነው። ካሳው ከዋናው በለጠ። ሜትስም በ2021 10ኛ የመረጠውን ኩማር ሮከርን ሳያስፈርም ቀርቶ በ2022 11ኛ ምርጫ አግኝቷል።

አሁን ወደ ተራው። ለዋንጫ ማጣሪያው ያላለፉት 18 ክለቦች ከ2023ቱ ድራፍት ጀምሮ ዕጣ ይወጣላቸዋል። ሥነ ሥርዓቱ የሚደረገው በዲሴምበር ነው። ከ1 እስከ 14 ቁጥር ያላቸው ኳሶች ማሽን ውስጥ ይገባሉ፣ አራት ይወጣሉ። ሊኖሩ የሚችሉት አራት አራት ጥምረቶች 1,001 ናቸው፤ አንዱ ይጣልና 1,000ው ለክለቦቹ እንደ ውጤታቸው ይከፋፈላል። ከታች ያሉት ሦስቱ ክለቦች እያንዳንዳቸው አንደኛ የመሆን ዕድላቸው 16.5 በመቶ ነው። አራተኛው 13.2፣ አምስተኛው 10፣ ስድስተኛው 7.5 በመቶ፤ እንዲህ እየቀነሰ 18ኛው ጋ ሲደርስ ከግማሽ በመቶም ያንሳል። ሦስቱ እኩል የሆኑት በዘፈቀደ አይደለም። ቀድሞ ሆን ብሎ የተሸነፈ ክለብ አንደኛነቱን በእጁ አስገብቶ ነበር የሚያድረው፤ አሁን ከሦስተኛ መጨረሻነት ወደ መጨረሻነት መውረድ ዕድልን አይጨምርም።

በዕጣ የሚለዩት ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ከ7 እስከ 18 ያሉት እንደገና በውጤት ይደረደራሉ። ዕጣ የመግባት መብት ያለው የመጨረሻው ክለብ ስድስቱም ዕጣ ቢያመልጠው እንኳ ከ7ኛ አይወርድም ማለት ነው። ዕጣው ደግሞ ለመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ወደ ሠንጠረዡ እንመለሳለን።

«መብት ያለው» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ስሙ ቆርቆሮው ውስጥ አይገባም። ቤዝቦሉም ተመሳሳይ ሕግ አለው፤ የሚለየው ሀብታምና ድሃ እኩል አለመታየታቸው ነው። ክለቦቹ ከአካባቢ ገቢያቸው 48 በመቶውን ለአንድ ማዕድ አዋጥተው እኩል ይካፈላሉ። ትልቅ ከተማ ያለው ካዋጣው ያነሰ፣ ትንሽ ከተማ ያለው ካዋጣው የበለጠ ይደርሰዋል። የፊተኛውን ሰጪ፣ የኋለኛውን ተቀባይ እንበላቸው፤ ሁለቱን ቃላት ያዙልኝ፣ እስከ መጨረሻው ያስፈልጉናል። ሰጪ ክለብ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዕጣው ስድስት ቦታዎች ማግኘት አይችልም። ተቀባይ ሁለት ዓመት ይፈቀድለታል፤ በሦስተኛው ይታገዳል። የታገደ ክለብ ምንም ያህል ቢሸነፍ ከ10ኛ በላይ አይመርጥም።

ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 ለዘመናዊው ቤዝቦል ክብረ ወሰን የሆነ 121 ሽንፈት ቆጠረ። በ2025 ስንተኛ መረጠ? 10ኛ። ሰጪ ክለብ ነው፤ በ2024 ድራፍት ደግሞ 5ኛ ሆኖ መርጦ ነበር። ናሽናልስም በ2023 2ኛ ስለመረጠ በ2024 ወደ 10ኛ ተገፋ። አትሌቲክስ ተቀባይ ነው፤ በ2023 6ኛ፣ በ2024 4ኛ መረጠና በ2025 በሩ ተዘጋበት፤ ተራው 11ኛ ሆነ። የታገደው ክለብ ዕድል ለሌሎቹ ስለሚከፋፈል ቁጥሮቹ ከዓመት ዓመት ትንሽ ይዛነፋሉ። የ2024ን አንደኛ ምርጫ የወሰደው ክሊቭላንድ ጋርዲያንስ ዕድሉ 2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ትራቪስ ባዛናን መረጠበት።

ለማጣሪያው ያለፉት 12 ክለቦች ከ19 እስከ 30 ይሰለፋሉ። በመጀመሪያው ዙር ማጣሪያ የወደቁት አራቱ ከ19 እስከ 22፣ ቀጣዮቹ አራት ከ23 እስከ 26፣ በግማሽ ፍጻሜው የወደቁት ሁለቱ 27ኛና 28ኛ፣ ዋንጫውን ያጣው 29ኛ፣ ያነሣው 30ኛ። እኩል የወደቁ ክለቦች መካከል መጀመሪያ የሚታየው የሰጪና የተቀባይ ጉዳይ ነው፤ የዓመቱ ውጤት ከዚያ በኋላ ይመጣል። እዚህም ገንዘብ ቀደመ።

ይህ ገና በወረቀት ያለው ተራ ነው። የቡና ሥርዓት የሚያውቅ ቤት አቦልን ከቶና አያደባልቅም። እነዚህ ሰዎች ግን በአቦልና በቶና መካከል ብዙ ስኒ ይቀዳሉ። የ2025ን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ብናነበው የሁሉንም ዓይነት አንድ አንድ ምሳሌ ይሰጠናል።

የመጀመሪያው ዙር በ30 ሳይሆን በ27 አለቀ። ሦስቱ የት ገቡ? የተጫዋቾቹ ጠቅላላ የደመወዝ ሒሳብ ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ ክለቡ ግብር ይከፍላል፤ ጣሪያው በ2024 237 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጣሪያውን በ40 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ያለፈ ክለብ ከግብሩ ሌላ የመጀመሪያ ምርጫው አሥር ቦታ ወደ ኋላ ይገፋል። (ምርጫው ከስድስቱ የዕጣ ቦታዎች አንዱ ከሆነ አይነካም፤ ቅጣቱ ወደ ቀጣዩ ምርጫው ይዞራል።) ሜትስ፣ ያንኪስና ዶጀርስ ሦስቱም አለፉ። 28ኛ፣ 29ኛና 30ኛ የነበሩት 38ኛ፣ 39ኛና 40ኛ ሆኑ።

28ኛውን የመረጠው ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ነው፤ ቦቢ ዊት በ2024 በአሜሪካን ሊግ (ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ ነው) የኮከብ ተጫዋች ምርጫ ሁለተኛ በመውጣቱ ያገኘው ሽልማት። ክለቦች ጎበዝ ወጣትን ከታችኛው ሊግ የሚያሳድጉትን ጊዜ ሆን ብለው ያዘገዩ ነበር፤ ጥቂት ሳምንት በማዘግየት ልጁን አንድ ዓመት ጨምሮ በርካሽ ማቆየት ስለሚቻል። ይህንን ለመከላከል የተደረገው ውል እንዲህ ነው። ልጁ ከሦስቱ የታወቁ የ100 ምርጥ ወጣቶች ዝርዝሮች ቢያንስ በሁለቱ ላይ ካለ፣ ክለቡም በጀማሪነት ዓመቱ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት እንዲያገኝ አድርጎ ካሰለፈው፣ ልጁ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሲባል ወይም በኮከብ ተጫዋችነት አልያም በምርጥ ወርዋሪነት (ወርዋሪ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ነው) ከሦስቱ አንዱ ሲሆን ክለቡ ተጨማሪ ምርጫ ያገኛል። የዚህ ሥርዓት የመጀመሪያ ተጠቃሚ በሁሊዮ ሮድሪጌዝ በኩል ሲያትል ማሪነርስ ነው። ሥርዓቱ ያመለጠውም አለ። ፒትስበርግ ፓይሬትስ ፖል ስኪንስን በ2024 ያሳደገው ግንቦት ውስጥ ገብቶ ነው። ልጁ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ በሽልማቱ ምክንያት የሙሉ ዓመት አገልግሎቱን አገኘ፤ ክለቡ ግን ከመጀመሪያ ቀን ስላላሰለፈው ተጨማሪውን ምርጫ አላገኘም። አዘግይቶ የቆጠበው ዓመትም ሄደ፣ ምርጫውም ቀረ።

ከ29 እስከ 32 የካሳ ምርጫዎች ናቸው፤ አሪዞና አንድ፣ ባልቲሞር ሁለት፣ ሚልዋኪ አንድ። ከ33 ጀምሮ ደግሞ ለትንንሽ ከተማና ለዝቅተኛ ገቢ ክለቦች የሚሰጡት የሚዛን ምርጫዎች ይቀጥላሉ፤ አንደኛው ምድብ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ዙር በኋላ። የሚዛን ምርጫ አንድ ልዩ ባሕርይ አለው፤ በዝውውር ሊሸጥ የሚችለው የድራፍት ምርጫ እሱ ብቻ ነው። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስን የሚከታተል ሰው የአምስት ዓመት ምርጫ በአንድ ቀን ሲለዋወጥ ስለለመደ እዚህ ይገረማል። ባልቲሞር ኦሪዮልስ በሐምሌ 2025 37ኛ ምርጫውን ድራፍቱ ሊካሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለታምፓ ቤይ ሰጥቶ ብራያን ቤከርን ተቀበለ። የምርጫው ተመንም አብሮ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የተሸጠው ልጅ የመምረጥ መብት ብቻ ሳይሆን የቋት ገንዘብም ጭምር ነው።

ወደ ካሳው እንግባ። ውሉን ጨርሶ ነፃ የሆነ ተጫዋች ሁሉ ካሳ አያስገኝም። ክለቡ አስቀድሞ የአንድ ዓመት ውል ሊያቀርብለት ይገባል፤ ኳሊፋይንግ ኦፈር ይሉታል። መጠኑ ለድርድር አይቀርብም፤ የሊጉ 125 ከፍተኛ ደመወዞች አማካይ ነው። በ2012 ሲጀመር 13.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ2026 የውድድር ዘመን 22.025 ሚሊዮን ደርሷል። የዓመቱ የመጨረሻ ፍልሚያ ካለቀ በአምስት ቀን ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ያልፋል። ተጫዋቹ ከተቀበለ አንድ ዓመት ይቆያል። እንቢ ብሎ ሌላ ጋ ከፈረመ የካሳው ሒሳብ ይጀምራል።

ሁለት ሁኔታዎች አሉ። ተጫዋቹ የውድድር ዘመኑን ሙሉ እዚያው ክለብ ያሳለፈ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊትም በሕይወቱ ይህ ኦፈር ቀርቦለት የማያውቅ። የመጀመሪያው ሁኔታ የሐምሌውን የዝውውር ገበያ ያንቀሳቅሰዋል። ውሉ በዚያው ዓመት የሚያልቅ ኮከብ ያለው ክለብ ሐምሌ ላይ ሁለት ምርጫ አለው፤ አሁን ሸጦ ልጆች መቀበል ወይም አቆይቶ ካሳውን መጠበቅ። ለሚገዛው ክለብ ግን ካሳ የለውም፤ ለሦስት ወር ተከራይቶ ያሰናብተዋል። ስለዚህ የሚከፍለው ዋጋ ይወርዳል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክረምቶች 34 ኦፈሮች ቀርበው አንድም ሰው አልተቀበለም። በ2015 ኮልቢ ራስመስ፣ ማት ዊተርስና ብሬት አንደርሰን በሩን ከፈቱ። በኖቬምበር 2025 ከ13ቱ አራቱ ተቀበሉ። እንደ እኔ የዚህ ሥርዓት ጉዳት የሚያርፈው በትልቁ ኮከብ ላይ አይደለም። ሁዋን ሶቶን ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር የሚያስፈርም እንደ ሜትስ ያለ ክለብ ሁለት ምርጫ በማጣቱ እንቅልፍ አያጣም። የሚጎዳው መካከለኛው ነው፤ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል የሚፈልግ፣ ግን ምርጫ የሚያስቀጣ ምልክት ግንባሩ ላይ የተለጠፈበት ተጫዋች።

የሚወስደው ክለብ የሚያጣው እንደ ኪሱ ነው። የደመወዝ ጣሪያውን አልፎ ግብር የከፈለ ክለብ ካሉት ምርጫዎች ሁለተኛውንና አምስተኛውን፣ ከዚያ ላይ ከውጭ አገር ታዳጊዎች ቋቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ያጣል። ተቀባይ ክለብ ሦስተኛ ምርጫውን ብቻ። የቀሩት ሁለተኛ ምርጫቸውንና ከዚያው ቋት 500,000 ዶላር። ሁሉም ዘንድ የመጀመሪያው ምርጫ አይነካም። በአንድ ክረምት ሁለተኛ እንዲህ ያለ ተጫዋች ያስፈረመ ክለብ ቅጣቱ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግብር ከፋዩ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን፣ ተቀባዩ አራተኛውን።

የለቀቀበት ክለብ የሚያገኘውም እንዲሁ ነው። ተቀባይ ክለብ ከሆነና ተጫዋቹ ሌላ ጋ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ዶላር በተረጋገጠ ውል ከፈረመ፣ ካሳው ወዲያው ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ነው። ውሉ ከ50 ሚሊዮን ካነሰ፣ ወይም ክለቡ ተቀባይ ካልሆነና ግብርም ካልከፈለ፣ ካሳው ከሁለተኛው ዙርና ከሁለተኛው የሚዛን ምድብ በኋላ ይመጣል፤ 70ኛው አካባቢ። ግብር የከፈለ ክለብ ደግሞ ከአራተኛው ዙር በኋላ፣ በረካም ተጠጥቶ ጀበናው ከታጠበ በኋላ። ሶቶ ከያንኪስ ሲሄድ ያንኪስ ያገኘው ይህንኑ ነው።

የ50 ሚሊዮኑ መስመር ጉድ አለው። ሌላ ክለብ ለተጫዋቹ 49 ሚሊዮን ወይም 50 ሚሊዮን መስጠቱ የለቀቀበትን ክለብ ካሳ 40 ቦታ ያህል ያንሸራትተዋል፤ የለቀቀበት ክለብ ግን በዚያ ድርድር ላይ ወንበር የለውም። ባልቲሞር ዕድል ቀንቶታል። በ2024 መጀመሪያ ላይ 34ኛ የሚዛን ምርጫውን ከሁለት ወጣቶች ጋር ለሚልዋኪ ሰጥቶ ኮርቢን በርንስን ወሰደ፤ አንድ ዓመት አጫወተው፤ ኦፈሩን አቀረበለት። በርንስ እንቢ ብሎ አሪዞና በ210 ሚሊዮን ፈረመ። አንቶኒ ሳንታንደርም ቶሮንቶ በ92.5 ሚሊዮን። ለሁለቱ የተሰጠው ካሳ የ2025 30ኛና 31ኛ ምርጫ ነው። 34ኛ ሰጥቶ፣ የአንድ ዓመት አገልግሎት ተጠቅሞ፣ የተሻለ ቦታ መቀበል ጎበዝ የቡና ነጋዴም የማይጠላው ንግድ ነው።

አሁን ወደ ኤንጅልስ። በ2023 የመጨረሻ ወራት ሾሄ ኦታኒ ነፃ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ክለቡ ሐምሌ ላይ ሊሸጠው አልፈለገም፤ እንዲያውም ለማጣሪያው ለማለፍ ተጫዋቾች ገዛበት። ነሐሴ ላይ ሁሉ ነገር ፈረሰ። ያኔ የደመወዝ ሒሳቡ ከ233 ሚሊዮኑ ጣሪያ በትንሹ አልፎ ስለነበር ኦታኒ ሲሄድ የሚመጣው ካሳ ከአራተኛው ዙር በኋላ ሊሆን ነው። ምን አደረገ? በወሩ መጨረሻ ስድስት ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ ማንም ክለብ ይውሰዳቸው ብሎ ዝርዝር ላይ አወጣ፤ የወሰደ ክለብ ቀሪ ደመወዛቸውንም ይወስዳል። ጋርዲያንስ ሦስቱን፣ ሲንሲናቲ አንዱን አነሡለት። ኤንጅልስ ለጥቂት ከጣሪያው በታች ገባ። ኦታኒ ዶጀርስ በ700 ሚሊዮን ሲፈርም ካሳው 74ኛ ምርጫ ሆነ፤ ራያን ጆንሰን የሚባል ወርዋሪ ተመረጠበት። ለሁለት ዙር ልዩነት ስድስት ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ ለገበያ ማውጣት ሊያስቅ ይችላል፤ መዝገቡን ላነበበ ሰው ግን ትክክለኛ ሒሳብ ነበር።

ከስድስቱ አንዱ ራንዳል ግሪቹክ ነው፤ ማንም ሳይወስደው ቀረ። ይህ ሰው በ2009 ወደ ኤንጅልስ የመጣው በ24ኛ ምርጫ ነበር፤ ምርጫው ደግሞ ፍራንሲስኮ ሮድሪጌዝ ወደ ሜትስ በመሄዱ የተገኘ ካሳ። በካሳ መጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ካሳ ለማዳን ለገበያ ቀረበ። የሚቀጥለው 25ኛ ምርጫም የኤንጅልስ ነበር፤ ማርክ ቴሼራ ወደ ያንኪስ ስለሄደ። በሱ የተመረጠው ማይክ ትራውት ነው።

ያኔ ሕጉ ሌላ ነበር። ነፃ ተጫዋቾች በአኃዝ እየተመዘኑ ኤ እና ቢ ተብለው ይመደባሉ። ኤ የሆነውን ያጣ ክለብ የወሰደውን ክለብ የራሱን ምርጫ ይቀበላል፣ ከዙሩ በኋላ ደግሞ አንድ ተጨማሪ። የመጀመሪያዎቹ 15 ምርጫዎች ብቻ ጥበቃ ነበራቸው። በዚያ ክረምት ያንኪስ ቴሼራን፣ ሲሲ ሳባቲያንና ኤ.ጄ. በርኔትን አንድ ላይ ጠራርጎ አስፈረመ። ሦስቱም ኤ ናቸው፤ ያንኪስ ለካሳ ሊሰጥ የሚችለው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ግን አንድ ነው። በምዘናው የበለጠው ቴሼራ ስለሆነ አንደኛውን ዙር ኤንጅልስ፣ ሁለተኛውን ሳባቲያን ያጣው ሚልዋኪ፣ ሦስተኛውን በርኔትን ያጣው ቶሮንቶ ወሰዱ። ሳባቲያ በምዘናው በጥቂቱ ቢበልጥ 25ኛው ምርጫ የሚልዋኪ ነበር።

ከዚያም በፊት የባሰ ነበር። ከ1981ዱ የተጫዋቾች የሥራ ማቆም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ተጫዋች ያጣ ክለብ ከሌሎች ክለቦች ካልተጠበቁ ተጫዋቾች ዝርዝር አንድ ሰው ያነሣ ነበር። ዋይት ሶክስ ዴኒስ ላምፕን በቶሮንቶ ተነጥቆ በጥር 1984 ቶም ሲቨርን ከሜትስ ወሰደ። ሜትስ ላምፕን አላስፈረመም፤ ስህተቱ ሲቨርን ከሚጠብቃቸው ዝርዝር ውጭ መተዉ ብቻ ነው። የአሁኑ ሥርዓትም ዘላለማዊ አይደለም፤ የቆመበት የክለቦችና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው።

ካሳው የሚጠፋበት አንድ ቀዳዳ አለ፤ ድራፍቱ። ኦፈሩን እንቢ ያለ ተጫዋች ድራፍቱ እስኪካሄድ ሳይፈርም ከቆየ የለቀቀበት ክለብ ምንም አያገኝም፣ የሚወስደውም ምንም አያጣም። በ2019 ክሬግ ኪምብረልና ዳላስ ካይክል ክረምቱን ሙሉ ፈራሚ አጥተው ቆዩ። ድራፍቱ በሰኔ መጀመሪያ እንደተካሄደ በዚያው ሳምንት አንዱ ካብስ፣ ሌላው ብሬቭስ ፈረሙ። የተጫዋቾቹ ብቃት በሳምንት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ግንባራቸው ላይ የነበረው የምርጫ ዋጋ መነሣቱ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቦ «ከጅማ የተነሣ ልጅ ስንተኛ ይመረጣል?» የሚል አይጠፋም። አይመረጥም። ድራፍቱ የአሜሪካ፣ የካናዳና የፖርቶ ሪኮ ነዋሪዎች ነው። ከዶሚኒካንም ከቬኔዙዌላም ከኢትዮጵያም የሚነሣ ታዳጊ ሲፈርም ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው ሆኖ፣ ዓመታዊው የፊርማ ጊዜ ጃንዋሪ 15 ሲከፈት ከፈለገው ክለብ ጋር በቀጥታ ይፈርማል። ገንዘቡ የሚወጣው እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ከ5 እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ከሚይዘው የውጭ አገር ታዳጊዎች ቋት ነው። ሜትስ ስለ ሶቶ ያጣው 1 ሚሊዮን ዶላርም የተቆረጠው ከዚሁ ቋት ነው።